የጎጃም መሳፍንት ቤት፤ የዘር ሐረጉና ሽኩቻው

ከደብረ ማርቆስ ተነሥቶ ወደ ደቡብ፣ ወደ አባይ በረሃ አፋፍ የሚጓዝ መንገደኛ ደጋው ከማለቁ በፊት ይጁቤን ያገኛል። ዛሬ የባሶ ሊበን ወረዳ ከተማ የሆነችው ይጁቤ፣ በአሥራ ዘጠነኛው ምዕት ዓመት የውጭ አገር ተጓዦች «የባሶ ገበያ» እያሉ ደጋግመው የጻፉላት ስፍራ ናት። የወረዳው ስም ራሱ የሚናገረው ነገር አለ። ሊበን የሚለው ስም ከአባይ ማዶም በሜጫ ኦሮሞ ዘንድ የጎሳ ስም ሆኖ ይገኛልና፣ ወንዙ ሰዎችን ለይቶ የኖረ ድንበር ብቻ አለመሆኑን አንባቢ ከዚሁ ሊገነዘብ ይችላል። ይህም ነገር ስለ ጎጃም መሳፍንት ትውልድ ሲነገር ደጋግሞ የሚመጣ ነው።

የባሶ ገበያ ሀብት ከደቡብ የሚመጣ ሀብት ነበር። ከሊሙ እናርያ፣ ከሰቃ ገበያ የተነሣው ሲራራ ነጋዴ በጉድሩ ምድር አሰንዳቦ ላይ አርፎ፣ አባይን በመልካው ተሻግሮ፣ ገደሉን ወጥቶ ባሶ ይደርሳል። ጭነቱ ቡና፣ ዝባድ፣ የዝሆን ጥርስና ወርቅ ነው፤ ከጭነቱም ጋር በባርነት የሚሸጡ ሰዎች ይነዱ ነበር፤ ይህን ሸፍኖ ስለ ገበያው ግርማ ብቻ መጻፍ ተገቢ አይሆንም። ከሰሜን ደግሞ ከአፋር ዝቅተኛ ምድር ተቆፍሮ በትግራይ በኩል የተጓዘው አሞሌ ጨው፣ ጨርቅና ልዩ ልዩ ሸቀጥ ይመጣል። አባይ በክረምት ስለሚሞላ የንግዱ ጉዞ በጋን የሚጠብቅ ነበር። በ1830ዎቹ ዓመታት አጋማሽ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ቻርልስ ቢክ የተባለው እንግሊዛዊ ተጓዥ በዚሁ በባሶ አጠገብ ረዘም ላለ ጊዜ ተቀምጦ የነጋዴውን ወሬ፣ የሸቀጡን ዓይነትና ከአባይ ማዶ ያሉትን አገሮች ስም እየጠየቀ መዝግቧል።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ ሸቀጥ ቀረጥ ተቀባዩ ማን ነበር? መልሱ «የጎጃም ገዥ» ነው። የጎጃም ገዥ ማን እንደሚሆን የሚወስነው ግን ጦር ብቻ አልነበረም፤ ትውልድም ነበር። በጎጃም ትውልድ መቁጠር የሽማግሌ ጨዋታ ሳይሆን የሙግት መሣሪያ ነው። ይህን ለመረዳት ከመሳፍንቱ በፊት የገበሬውን ርስት መመልከት ይበጃል።

በጎጃም የርስት ሥርዓት መሬት የአንድ አቅኚ አባት ነው ይባላል። ከዚያ ዋና አባት በወንድም ሆነ በሴት የሚወለድ ሁሉ ድርሻ አለኝ ለማለት መብት አለው። ሰው በአባቱ አባት በኩል ብቻ ሳይሆን በእናቱ እናት፣ በአያቱ እናት በኩልም ትውልዱን ቆጥሮ ርስት ይጠይቃል። አሜሪካዊው የሥነ ሰብእ ተመራማሪ አለን ሆበን በደጋ ዳሞት ተቀምጦ ያጠናውና በ1973 እ.ኤ.አ. በታተመ መጽሐፉ የገለጸው ይህንኑ ነው። አንድ ገበሬ በአሳቡ የብዙ አባቶች ልጅ ነው፤ በተግባር ግን የሚያርሰው ሊከራከርበትና ሊያስከብረው የቻለውን ድርሻ ብቻ ነው። ስለዚህም የአንድ አባት ልጆች እርስ በርሳቸው ወንድማማችም፣ ባለ ጋራም ናቸው። ተካፋዩ በበዛ ቁጥር የትውልዱ ሙግት ይበዛል እንጂ አይዘጋም።

የጎጃም መሳፍንትም አገዛዙን የያዙት በዚሁ ልማድ ነው ቢባል ከእውነት የራቀ አይሆንም። ለንግሥና ወይም ለራስነት ትውልድ የሚቆጥሩት ገበሬው ለርስት በሚቆጥርበት መንገድ ነበር፤ በእናትም፣ በአባትም፣ በሚበጀው በኩል። ልዩነቱ አንድ ነው። እርሻ ይከፈላል፤ የባሶ ቀረጥ ግን ለአንድ ጌታ ካልሆነ በስተቀር የሚረባ አይደለም።

የቤቱ ትልቅ ስም ራስ ኃይሉ ዮሴዴቅ ነው። አባቱ የጎጃሙ ደጃዝማች ዮሴዴቅ ወልደ ሐቢብ ሲሆን፣ እናቱ ወይዘሮ ወለተ እስራኤል የእቴጌ ምንትዋብ ልጅ ናት። ቋረኛይቱ እቴጌ ዐፄ በካፋ ከሞቱ በኋላ ከነገሥታቱ ወገን ከሆነው ከግራዝማች ኢያሱ ሦስት ሴቶች ልጆች ወለዱ። ከሦስቱ አንዷ አስቴር የትግራዩ ራስ ሚካኤል ስሑል ሚስት ሆነች፤ ጄምስ ብሩስ በ1760ዎቹ መጀመሪያ ጎንደር በነበረ ጊዜ ያያትና ብዙ የጻፈላት እርስዋ ናት። ወለተ እስራኤል ደግሞ የጎጃምን ቤት ከጎንደር ቤተ መንግሥት ጋር አገናኘች። ኃይሉ ከዮሴዴቅ ያገኘው ጎጃምን ነው፤ ከእናቱ ያገኘው ግን ሌላው የአገር ባላባት የሌለው ነገር ነው፤ ከነገሥታቱ ዘር ነኝ ለማለት መቻልን። ልጆቹና የልጅ ልጆቹ ሁሉ የሚጠሩት ይህን የእናት ሐረግ ነው።

ራስ ኃይሉ የገዛበት ዘመን ዘመነ መሳፍንት ነበር። ዐፄ ኢዮአስ በ1761 ዓ.ም. ከተገደሉ ወዲህ በጎንደር የሚነግሡት ነገሥታት የሚሾማቸውና የሚሽራቸው ራስ ነበር። ይህ ሁኔታ በዓለም ታሪክ እንግዳ አይደለም። በሰባተኛው ምዕት ዓመት በፍራንኮች አገር የሜሮቪንግ ነገሥታት በዙፋን ተቀምጠው ሳለ አገሩን የሚገዛው የቤተ መንግሥቱ አዛዥ ነበር። ለዚያ ሹመት የሚፎካከሩት ታላላቅ ቤቶች ትውልዳቸውን የሚቆጥሩት እንደ ጎጃም ሰው በሚመቻቸው በኩል ነው። በኋላ ሻርለማኝን ያስገኘው ቤት የሁለት ወገኖች ድምር ነው። የሜሱ ጳጳስ የአርኑልፍ ልጅ አንሰጊዘል የአዛዡን የፒፒንን ልጅ ቤጋን አገባ፤ ከእነርሱ የተወለደው ሁለተኛው ፒፒን ስሙንም፣ የአዛዥነት ጥያቄውንም የወሰደው ከእናቱ አባት ነው። ይኸው ፒፒን በ714 እ.ኤ.አ. ሲሞት ሚስቱ ፕሌክትሩድ የልጅ ልጆችዋን ለማቆም ስትል ከሌላ ሴት የተወለደውን ካርልን አሰረችው። ካርል ግን ከእስር አምልጦ፣ ተዋግቶ የአባቱን ቤት ጠቀለለ። ጀርመናዊው የታሪክ ሊቅ ካርል ሽሚድ በ1957 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት እንዳመለከተው፣ የዚያ ዘመን መኳንንት ቤት እንደ ኋለኛው ዘመን ከአባት ወደ ልጅ የሚወርድ ቀጭን መስመር ሳይሆን፣ በእናትና በአባት፣ በጋብቻም የተዘረጋ ሰፊ ዘመድ ነበር። አውሮጳ ቀጭኑን መስመር የያዘችው በኋላ ነው። ጎጃም ግን ከሰፊው ዘመድ አልወጣችም፤ የቤቱም ዕድል የተወሰነው በዚህ ይመስላል።

ራስ ኃይሉ በ1787 ዓ.ም. ገደማ ሲሞት ልጁ ራስ መርዕድ ተተካ። የእርሱ ዘመን አጭር ነበር። በዚያው ወራት የየጁ ቤት በራስ ጉግሣ መሪነት እየበረታ ደብረ ታቦርን የኃይሉ ማዕከል አደረገ፤ ጎጃምም ለሚመጡት ሃምሳ ዓመታት ከየጁዎች ጋር ስትዋጋና ስትዋዋል ኖረች።

ከዚህ በኋላ የመጣው ሰው ነው የቤቱን ትውልድ ያወሳሰበው። የዳሞቱ ደጃዝማች ዘውዴ ስሉ በአባቱ የኦሮሞ ወገን ነበር። ዳሞት ከዚያ በፊትም ከኦሮሞ የተወለዱ ገዥዎች ነበሯት፤ ብሩስ ያገኘው የወረኛ ልጅ ፋሲል ከእነዚህ አንዱ ነው። ዘውዴ ከራስ ኃይሉ ቤት ወይዘሮ ድንቅነሽን አገባ። ደጃዝማች ጎሹ የተወለደው ከዚህ ጋብቻ ነው። ስለዚህ ከዘውዴ ወዲህ ጎጃምን የገዙት፣ ከጎሹ አንሥቶ እስከ ሁለተኛው ራስ ኃይሉ ድረስ፣ በአባት ሐረግ የዳሞቱ ዘውዴ ልጆች ናቸው፤ በእናት ሐረግ ነው የኃይሉ ዮሴዴቅ ዘር የሚባሉት። በአባት ብቻ የሚቆጠር ቢሆን ኖሮ የጎጃም ቤት በራስ መርዕድ ትውልድ ተወስኖ ሌላ ቤት በተጀመረ ነበር። ጎጃሜ ግን እንዲህ አልቆጠረም።

ዘውዴ ከራስ ጉግሣ ጋር ተዋግቶ ተማርኮ በእስር ሞተ። ልጁ ጎሹ ዳሞትን ይዞ፣ አንዳንዴም ጎጃምን ጠቅልሎ ለረጅም ዘመን ገዛ። ፈረንሳዊው አርኖ ዳባዲ ከጎሹ ሠራዊት ጋር ዓመታት አሳልፎ የጻፈው መጽሐፍ የዚህን መስፍን ቤት ግብር፣ አደን፣ ችሎትና ዘመቻ እንደ ዓይን ምስክር የሚያሳይ ነው። ኋላ ዐፄ ቴዎድሮስ የተባሉት ቋረኛው ካሣ ኃይሉም በጕብዝናው በጎሹ ቤት አገልግሏል።

የጎሹ ትልቁ ጠላት ከውጭ አልመጣም፤ ልጁ ብሩ ነበር። ዳሞት የአባት፣ ጎጃም የልጅ የሆነበት ጊዜ ነበር። ቢክ በባሶ በነበረበት ወራት የነበረው ሁኔታ ይኸው ነው። ብሩ ጎጃምን ይዞ ከአባቱ የበለጠ ኃይል ሲሻ፣ ጎሹም ልጁን ሲጠረጥር፣ ደብረ ታቦር ላይ የተቀመጠው ራስ አሊ አንዱን በሌላው ላይ እያነሣ ሁለቱንም ያዳክም ነበር። በ1834 ዓ.ም. በደብረ ታቦር ጦርነት ብሩ ከስሜኑ ደጃዝማች ውቤ ጋር በአሊ ላይ ተሰለፈ። ውጊያውን ያሸነፈው ውቤ በድል ማግስት ባልታሰበ መንገድ ተማረከና ነገሩ ሁሉ ተገለበጠ። ብሩም ከዚያ በኋላ ለዓመታት በአምባ ላይ ሆኖ የአሊን ጦር ሲመክት ኖረ፤ አባቱ ግን ከአሊ ጋር ታርቆ ያድር ነበር። ራስ አሊ በካሣ ላይ ጦር መላክ ባስፈለገው ጊዜ የላከው ጎሹን ነው። ጎሹም ጕር አምባ ላይ ኅዳር 19 ቀን 1845 ዓ.ም. ቀድሞ የቤቱ አሽከር ከነበረው ከካሣ ጋር ተዋግቶ ሞተ። ልጁ ብሩ በዚያ ጦርነት ከአባቱ ጎን አልነበረም።

በዚያው ዓመት በሰኔ ወር ራስ አሊ በጎጃም ምድር አይሻል ላይ ተሸነፈና የየጁ ቤት ሥልጣን አከተመ። የአሊ መውደቅ ለብሩ የሚጠቅም ይመስል ነበር፤ አልሆነም። በሚቀጥለው ዓመት ካሣ ወደ ጎጃም ዘምቶ ብሩን ማረከው። ብሩ ጎሹ ለ14 ዓመታት በሰንሰለት ቆየ። የተፈታውም በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር መቅደላን በያዘ ጊዜ ነው። በወጣበት ዓለም ጎጃምን የሚሻሙት ሌሎች የቤቱ ልጆች ነበሩ።

ከእነዚህ አንደኛው የተድላ ጓሉ ወገን ነው። ደጃዝማች ተድላ ጓሉ የኃይሉ ቤት ዘመድ ሲሆን ዐፄ ቴዎድሮስን እምቢ ብሎ ጀበሊ አምባን ምሽጉ አድርጎ በጎጃም ጸና። ኋላ ደብረ ማርቆስ የተባለችውን መንቆረርን የቆረቆረ እርሱ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ ዘምተውበት ሠራዊቱን ሰባብረው ብዙ ምርኮኛ አስፈጁ፤ ጎጃም ግን አልገባችላቸውም። ሁለተኛው ወገን የጎሹ የልጅ ልጅ፣ የተሰማ ጎሹ ልጅ አዳል ነው። ከቴዎድሮስ ሞት በኋላ የጎጃም ጥያቄ በተድላ ልጅ በደስታና በተሰማ ልጅ በአዳል መካከል ሆነ። ሁለቱም ኃይሉን አያታችን ይላሉ፤ ሁለቱም ልክ ናቸው። በርስት ሙግት ቢሆን ዳኛ ያካፍላቸው ነበር።

በዚህ ሙግት ዳኛ የሆኑት ነገሥታቱ ናቸው፤ የዳኝነታቸውም መንገድ ጋብቻና ሹመት ነበር። ዋግሹም ጎበዜ ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው በነገሡ ጊዜ እህታቸውን ላቀች ገብረ መድኅንን ለአዳል ዳሩለትና የጎጃም ገዥ አደረጉት። እርሳቸውም ለንግሥና የቆጠሩት ትውልድ በእናታቸው በኩል ወደ ጎንደር የሚደርስ ነበር፤ ስለዚህ የአዳልን ሐረግ የሚነቅፉበት ምክንያት አልነበራቸውም። ዐፄ ዮሐንስ ተክለ ጊዮርጊስን አሸንፈው ሲነግሡ ነገሩን ገለበጡት፤ አዳል የጠላታቸው አማች ነውና ደስታን ወደዱ። ዳሩ ግን አዳል ደስታን ተዋግቶ ገደለው። ንጉሠ ነገሥቱ የሚደግፉት ተፎካካሪ ሲያጡ በ1866 ዓ.ም. ገደማ አዳልን በራስነት ማጽናት ግድ ሆነባቸው። ዐፄ ዮሐንስ ከዚያ በኋላ ለአዳል ያደረጉት ሁሉ፣ አንድ ብቻውን የቀረ የቤት ልጅ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው የሚያሳይ ነው። ጥር 13 ቀን 1873 ዓ.ም. ተክለ ሃይማኖት ብለው ንጉሠ ጎጃም ወከፋ አድርገው ዘውድ ጫኑለት። የጎጃም ቤት ከዚህ ከፍ ያለ ማዕረግ አግኝቶ አያውቅም።

«ወከፋ» የሚለው ቃል ወደ ባሶ ገበያ ይመልሰናል። ከፋ የጎጃም አልነበረም። ነገር ግን ወደ ይጁቤ የሚመጣው ቡናና ዝባድ የሚነሣው ከዚያ ወገን ነው፤ ማዕረጉ ለንጉሥ ተክለ ሃይማኖት የሰጠው የንግዱን መንገድ እስከ ምንጩ ድረስ ተሻግሮ የመያዝ መብት ነበር። የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ግን ወደዚያው ምድር በራሳቸው በኩል እየገሰገሡ ነበር። ሁለቱ በ1874 ዓ.ም. እምባቦ ላይ ተገናኙ። እምባቦ የሚገኘው ከባሶ ማዶ፣ በሆሮ ጉድሩ ምድር ነው፤ ነጋዴው ወደ ይጁቤ በሚወርድበት አገር ማለት ነው። የጎጃም ጦር ተሸነፈ፤ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትም ቆስለው ተማረኩ። ዐፄ ዮሐንስ በሁለቱ ንጉሦች መካከል ገብተው ከምኒልክ ወሎን፣ ከተክለ ሃይማኖትም አገው ምድርን ወሰዱ። ከእምባቦ በኋላ የደቡቡ ንግድ ቀስ በቀስ ፊቱን ወደ ሸዋ አዞረ። ስለ እምባቦ ሲጻፍ ብዙ ጊዜ የሚነሣው የሁለቱ ነገሥታት ክብር ነው፤ ትልቁ ጉዳት ግን የደረሰው በገበያው ላይ ሳይሆን አይቀርም።

ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ከዚያ ወዲህ ብዙ መከራ አዩ። በ1880 ዓ.ም. ከደርቡሽ ጋር ሳር ውኃ ላይ ተዋግተው ተሸነፉ፤ ጎንደርም ተቃጠለች። ከምኒልክ ጋር ተመሳጥረዋል በሚል ጥርጣሬ ዐፄ ዮሐንስ ወደ ጎጃም ዘምተው አገሩን አጠፉት። መጋቢት 1881 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ መተማ ላይ ባይወድቁ ኖሮ የቤቱ ፍጻሜ ምን ይሆን እንደ ነበር መገመት ያስቸግራል።

በንጉሡ ቤት ካደጉት ሰዎች መካከል ለዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ከሁሉ የሚበልጥ አንድ ሰው አለ። አለቃ ተክለ ኢየሱስ ዋቅጅራ ከአባይ ማዶ፣ ከሆሮ ጉድሩ ወገን ከኦሮሞ ቤተ ሰብ ተወልደው፣ በልጅነታቸው በጎጃሞች ዘመቻ ተማርከው ወደ ወዲህ ተሻገሩ። በንጉሡ ቤት አድገው ቅኔ የተማሩ፣ ሥዕል የሚሥሉ፣ ታሪክ የሚጽፉ ሰው ሆኑ። የጎጃምን ታሪክ ጻፉ፤ ደግሞም የጎጃምን ሰው ትውልድ «ከአባይ እስከ አባይ» በቤት በቤቱ ቆጥረው አኖሩ። የጎጃም ባላባት ማን ከማን እንደ ተወለደ ለማወቅ የሚፈልግ ሰው ዛሬ የሚከፍተው በልጅነቱ በምርኮ የመጣ ሰው የጻፈውን መጽሐፍ ነው። ለዘር ቆጠራው ባዕድ መሆናቸው ለሥራው ጠቅሟቸዋል ማለት ይቻላል። ሌላው ቆጣሪ ርስት ወይም ሹመት የሚጠይቅበት አያት አለው፤ እርሳቸው አልነበራቸውም።

ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት በ1893 ዓ.ም. ሞቱ። ዐፄ ምኒልክ ያደረጉት የጎጃምን ቤት ጠባይ ጠንቅቀው እንደሚያውቁ የሚያሳይ ነው፤ ለአንድ ልጅ አላወረሱትም፤ አገሩን ከፋፈሉት። ከልጆቹ ራስ በዛብህ አንዱን ክፍል ተቀበለ፤ ዳሞትና አገው ምድር ለሸዋው ሹም ለራስ መንገሻ አቲከም ተሰጠ። በዛብህ ብዙም ሳይቆይ ተከሶ ታሰረና በእስር ሞተ። ወንድሙ ስዩም ግን ደረጃ በደረጃ ተነሥቶ ጎጃምን መልሶ ጠቀለለ። ይህ ሰው ቀድሞ የሚጠራበትን ስዩም የሚለውን ስም ትቶ ኃይሉ ተባለ። ዘውዴም፣ ጎሹም፣ አዳልም አልተባለም። የአባቱን አባቶች ዘሎ ከመቶ ዓመት በፊት የሞተውን፣ በሴት በኩል የሚደርስበትን አያት ስም መያዙ፣ የትኛው ሐረግ በጎጃም የሚሠራ መሆኑን ማወቁን ያስረዳል።

ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት በጎጃም የሚታወሰው በግብሩ ብዛትና በሀብቱ ነው። በ1916 ዓ.ም. ከአልጋ ወራሽ ተፈሪ ጋር አውሮጳን ጎበኘ፤ በአዲስ አበባም በዘመናዊ ንግድ ገንዘቡን አዋለ። ገበያና ቀረጥ ለሚያውቅ ቤት ይህ እንግዳ ጠባይ አልነበረም። የጋብቻውን መንገድም አልረሳም፤ ልጁን ሰብለ ወንጌልን ለልጅ ኢያሱ ድሮ ነበር። ያ ጋብቻ በኋላ ዋጋ አስከፈለው። ልጅ ኢያሱ በ1924 ዓ.ም. ከፍቼ ባመለጡ ጊዜ ራስ ኃይሉ በጉዳዩ እጁ አለበት ተብሎ ተከሶ ሹመቱንና ሀብቱን ተነጠቀ፤ ጎጃምም ለራስ እምሩ ተሰጠች። ከቤቱ ያልሆነ ሰው መላውን ጎጃም ሲገዛ የታየው ያን ጊዜ ነው።

ጣልያን አገሩን በወረረ ጊዜ ቤቱ እንደ ልማዱ ለሁለት ተከፈለ። ራስ ኃይሉ ለጣልያን አደረ። ከዚያው ቤት የተወለደው ኃይሉ በለው ደግሞ በአርበኝነት ተነሣና ከድል በኋላ የራስነት ማዕረግ አገኘ፤ ጎጃምንም ገዛ። ይህ የጎሹና የብሩ ታሪክ ተመልሶ የመጣ ይመስላል። አንዱ የቤት ልጅ ከገዥው ኃይል ጋር፣ ሌላው በጫካ ሲሆን፣ ያሸነፈው ማንም ይሁን ማን ቤቱ አንድ ሰው ይኖረዋል። ይህ ታስቦ የተደረገ ነው ለማለት አይቻልም፤ ውጤቱ ግን ያው ነበር።

በዚህ ጊዜ ግን አንድ አዲስ ነገር ነበር። በቢቸናና በአባይ አፋፍ ከሁሉ የበረታው አርበኛ በላይ ዘለቀ ከመሳፍንት ቤት የተወለደ ሰው አልነበረም። ጦር የተከተለው ስለ አያቱ አይደለም። በ1933 ዓ.ም. መጋቢት መጨረሻ የጣልያን ጦር ከደብረ ማርቆስ ለቆ በሰፈርታክ በኩል አባይን ሲሻገር በላይ መንገዱን አልዘጋበትም። በኋላ የተጻፉ የእንግሊዝ የጦር ታሪኮች ለዚህ የሚሰጡት ምክንያት ራስ ኃይሉ ከቤቱ ሴት ልጅ እድርልሃለሁ ብሎት ነበር የሚል ነው። የሚወዱት ሁሉ ይህን አይቀበሉትም፤ የጻፉትም መኮንኖች ለበላይ ጥሩ ዓይን አልነበራቸውም። የሆነው ሆኖ ወሬው መወራቱ ራሱ የሚያስረዳው ነገር አለ። ጣልያን በአውሮፕላንና በመድፍ በሚዋጋበት ዘመን፣ አንድ መስፍን አንድን ጀግና ሊገዛበት ይችላል ተብሎ የታመነው ዋጋ ዘውዴ ስሉ ወደ ኃይሉ ቤት የገባበት ያው በር፣ የሴት ልጅ ጋብቻ ነበር።

በላይ ዘለቀ በጥር ወር 1937 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በስቅላት ተቀጣ። አብሮት ከተሰቀሉት አንዱ ከጎጃም መሳፍንት ቤት የተወለደው፣ በወረራው ዘመን ለጣልያን ሲዋጋ የነበረው ማሞ ኃይሉ ነው። ራስ ኃይሉ ራሱ ከድል በኋላ በቁም እስር ኖሮ ሞተ።

የገበሬው ትውልድ ቆጠራ ከመሳፍንቱ በኋላም ለሠላሳ ዓመታት ቀጠለ። በይጁቤም ሆነ በደጋ ዳሞት ሰው በእናቱ እናት በኩል እየቆጠረ ርስት ይጠይቅ፣ ዳኛም ይሰማው ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሲሆን የርስት ሙግት በሕግ ቀረ። አለቃ ተክለ ኢየሱስ የቆጠሩት የጎጃም ትውልድ በመጽሐፍ ታትሞ ለአንባቢ የደረሰው ከዚያ ወዲህ፣ ማንም በእርሱ መሬት በማይጠይቅበት ዘመን ነው።